«ወዴት ነው?»

በእኛ አገር መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፣ «እንዴት ዋሉ?» ከተባባሉ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ወዴት ነው?» ጥያቄው ምርመራ አይደለም፣ የሰላምታው ማሳረጊያ ነው። ሆኖም መልስ ይፈልጋል። «ገበያ»፣ «ለቅሶ»፣ «ጠበል»፣ «ፍርድ ቤት»፣ «ልጄን ልጠይቅ»... ማንኛውም መልስ ያስኬዳል። የማያስኬደው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «የትም!» እስቲ ሞክሩት። ሰውየው መጀመሪያ የቀለዳችሁ መስሎት ይስቃል። እንዳልቀለዳችሁ ሲገባው ደግሞ በሐዘኔታ ያያችኋል። «ምጽ! ምን ነክቶት ይሆን?» እያለ መንገዱን ይቀጥላል።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህችው «የትም» ከምትባል ቃል የሚነሣ ነው። ሰው ገበያ ሳይኖርበት፣ ለቅሶ ሳይጠራው፣ አገር ለማየት ብቻ ብሎ በእግሩ ገጠር ለገጠር ቢሄድ ተገቢ ነው ወይ? «ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ታገሡኝማ። ነገሩ ከእግር መንገድ ይነሣ እንጂ የሚያደርሰን ሌላ ቦታ ነው።

አስቀድመን ተቃዋሚውን ወገን እንስማ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለምና። በዚህች አገር በእግሩ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቸግሮት ነው። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ ለቅኔ ጎጃም፣ ለአቋቋም ጎንደር ድረስ የሚኳትነው ትምህርቱ በሌላ መንገድ ስለማይገኝ ነው። እንጨት ተሸክማ ወደ ከተማ የምትመጣው እናት ጎህ ሳይቀድ የምትነሣው የማለዳ አየር አምሯት አይደለም። ሥነ ጽሑፋችንም ቢሆን መንገድን የሚያውቀው በጭንቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ የምትወጣው መነኩሴ መስላ ነው። ሴት ልጅ ሴትነቷን ሳትደብቅ ብቻዋን መንገድ መውጣት አትችልማ! በዛብህንም የምታገኘው በወንበዴ ተደብድቦ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ የከተማ ሰው፣ ስኒከሩን አጥልቆ፣ የታሸገ ውኃውን ይዞ፣ «ልናፈስ» ብሎ ዳገት ቢወጣ፣ በሸክም ጎብጣ ያንኑ ዳገት ከምትወጣ ሴት ጋር ሲገናኝ ምን ይላታል? የእሷ መከራ የእሱ መዝናኛ ሆነ ማለት አይደለም? ተቃውሞው ይህ ነው። እውነትም አለው።

እኔን ይህ ጥያቄ ፊት ለፊት የገጠመኝ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር መናኸሪያ በማለዳ ወደ ሳንጃ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐሳቤ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ትክል ድንጋይ ወርጄ፣ አካባቢዋን በእግሬ አይቼ፣ ማታ በተገኘው መኪና መመለስ ነበር። ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ አውቶቡሱን የሞሉት ወደ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ማጭዳቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መሀል ጉዳይ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ረዳቱ ሲያወርደኝ «ማን ጋ ነው?» አለኝ። «ማንም ጋ» አልኩት። መልሴን ሰጥቶኝ በሩን ከመዝጋቱ በፊት አንዴ ደግሞ አየኝ።

ከከተማዋ ወጥቼ የእግር መንገዱን ያዝኩ። ጤፉ ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል፤ ሊረግፍ የደረሰው አደይ አበባ የየማሳውን ዳር አሁንም ቢጫ አድርጎታል። ከወዲያ ማዶ በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ከዚያ ወዲያ ደጋው ገደል ገደሉን ወደ ታች አርማጭሆ ይወርዳል። «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ስሞች ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ያወጣቸው ሰው እንደሌለ፣ እግር እንዳወጣቸው የሚገባን ስንሄድበት ነው።

አንድ ሽማግሌ ወንጭፋቸውን ይዘው ከማሳ ዳር ተቀምጠው አዝመራ ይጠብቃሉ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋሉ አባቴ?»

«ወዴት ነው?»

«የትም አይደለም። እንዲያው አገር ለማየት ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና፣ «አገሩ ምን ሆነና? ታመመ አሉህ?» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በእሳቸው ዘንድ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ «ልይ» ብሎ የሚሄደው የታመመን፣ የወለደችን ወይም ያዘነን ነው። ማየት ማለት መጠየቅ ማለት ነው። ዝም ብሎ አይቶ፣ ዝም ብሎ መሄድማ የሌባ ወይም የግብር ገማች ሥራ ነው።

ቀስ በቀስ ጨዋታ ስንጀምር እኔ «ተፈጥሮ» እያልኩ የማደንቀውን ሁሉ እሳቸው በባለቤቱ ስም ይጠሩት ጀመር። ይሄን እርከን የካበው እገሌ ነው። ያ ቦረቦር የበላው የእነ እገሌን መሬት ነው። ዛፎቹስ? «የታቦቱ ናቸው» አሉኝ። ወይራውና ጥዱ ዛሬ ድረስ የቆሙት ሰው ስላላያቸው አይደለም። ማገዶ የቸገረው ሰው በየቀኑ እያያቸው ላለመቁረጥ በየትውልዱ ስለ ወሰነ ነው። በሰሜኑ ደጋ ነባሩ ደን ተመናምኖ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው፤ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ያን ጥላ የሚያርፍበት መንገደኛ ሁሉ ሌሎች በከፈሉት የሚደሰት ሰው ነው።

የሌላውም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በደቡብ እንግሊዝ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ድንጋይ ያላቸው ኮረብታዎች አሉ። የእኛ ደጋ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ ፈልቶ በፈሰሰ እሳት ሲሠራ፣ የእነሱ ነጭ ድንጋይ ግን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ተጠራቅሞ የሠራው ነው። ሣሩ አጭርና ያማረ የሆነው ለብዙ ዘመን በግ ስለ ጋጠው ነው፤ በጉን ቢያነሡት ቁጥቋጦ ይውጠዋል። የከተማው ሰው ታዲያ በእረፍት ቀኑ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይወርድና ጫካውን አቋርጦ፣ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ማታ በሌላ አውቶቡስ ይመለሳል። ማንም «ምን ነካው?» አይለውም።

ይህ መብት ግን ከሰማይ አልወረደላቸውም። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ሚያዝያ 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ለባለ መሬቶች ወፍ አደን ተከልሎ ወደነበረው ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ተራራ በግድ ወጡ። አምስቱ ታሰሩ። በእንግሊዝና በዌልስ ሰው በተራራና ባልታረሰ ገላጣ መሬት ላይ በእግሩ የመሄድ መብቱ በሕግ የጸናው በ2000 በወጣ አዋጅ ነው።

ልብ በሉ! ያለ ጉዳይ የመሄድን መብት የጠየቁት ሳምንቱን ሙሉ በማሽን ፊት የሚቆሙ ድሆች ናቸው። ቅድም ላነሣነው ተቃውሞ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እንጨት የተሸከመችውን ሴት ያየ ሰው ሊያፍር ይገባዋል፤ እፍረቱ ግን ወደ ቤት መልሶ ሊያስገባው አይገባም። እኔ ያለ ጉዳይ መሄዴ እሷን አልበደላትም። በደሉ እሷ ያለ ሸክም መሄድ አለመቻሏ ነው። እኔ ቤቴ ብቀመጥ ሸክሟ አይቀልም፤ እንዲያውም የሚያያት ሰው አንድ ይቀንሳል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። የማያውቁት አገር አይታዘንለትምም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየድርሰታቸው «ጋራ ሸንተረሩ» ሳይሉ አያልፉም ነበር። «እስቲ ጋራና ሸንተረር ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። አፋፍ፣ ተረተር፣ ረባዳ፣ ጉብታ... እነዚህ ሁሉ እግር የፈጠራቸው ቃላት ናቸው። እግር ሲተዋቸው ጌጥ ብቻ ይሆናሉ። በሰሜን ተራሮች ፈረንጁ እያደነቀ ሲሄድ የእኛ ሰው ጓዙን ጭኖ ይከተላል። ስለ ገጠሩ ዕቅድ የሚያወጣው ሹም ደግሞ አገሩን የሚያውቀው በመኪና መስታወት ነው። በመስታወት ደግሞ «ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አይሰማም።

እዚህ ላይ «በየትኛው ሰላም ነው የምንሄደው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዋጁ ጊዜ ካበቃ በኋላም መንገዱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። እንኳን አገር ሊያይ፣ በሽተኛ ሊያሳክም የሚሄድ ሰው እንኳ ከመነሣቱ በፊት ስልክ ደውሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላል። ያቺ የጥንት ጥያቄያችን አልጠፋችም፤ ዜማዋ ነው የተለወጠው። «ወዴት ነው?» ዛሬ ከጠመንጃ ጀርባ ስትመጣ ሰላምታ አይቀድማትም፣ የሚከተላትም «መታወቂያ!» የሚል ነው። «የትም» የምትለዋ መልስም ድሮ ሳቅ ታስከትል ነበር፤ ዛሬ ልታሳስር፣ ከዚያም የከፋ ልታመጣ ትችላለች።

የእኛ ገጠር አጥር አልነበረውም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ቃርሚያው ለሁሉም ከብት ክፍት ነው፤ የእግር መንገዱም የእግረኛው ሁሉ ነው። እንግሊዞቹ በአዋጅ ያገኙትን እኛ በሰላምታ ብቻ ይዘነው ኖረናል። ያን አጥር አልባ ሜዳ የከፈተው ቁልፍ መተማመን ነበር፤ እሱ ከጠፋ ሜዳው ያለ እሾህም ይታጠራል።

እንግዲህ ያለ ጉዳይ መሄድ ተገቢ ነው ወይ? ለእኔ ተገቢ ነው፤ ዕዳ እንዳለበት ሰው ሆኖ ለሚሄድ። ለሚጠይቀው ሰው ቆሞ መልስ ይስጥ። የሚያየው ውበት የማን ድካም እንደሆነ ይጠይቅ። ሽማግሌው እንዳሉት ማየት መጠየቅ ከሆነ፣ አገሩ ዛሬ በእርግጥ ታሟል፤ ጠያቂም ያስፈልገዋል።

መንገዱ መዳኑንስ በምን እናውቃለን? ነጋዴው ሲመላለስ ብናይ አይበቃም፤ ነጋዴማ በጦርነትም መሀል ይመላለሳል። አንዲት የአርማጭሆ ሴት ጀርባዋ ላይ እንጨት ሳይኖር፣ እጇ ላይ ዘንቢል ሳይኖር፣ በሰንበት ከሰዓት ብቻዋን አፋፍ አፋፉን ስትሄድ፣ «ወዴት ነው?» ሲሏት «የትም!» ብላ፣ ጠያቂውም «በሰላም ያግባሽ» ብሏት ሲያልፍ፣ ያን ጊዜ ድኗል እንላለን።