እውነተኛ የሥራ መሪ ማን ነው?

ልጆቼ ሆይ፤ በዱርቤቴ ሱቅ የከፈተ ወይም ወፍጮ የተከለ ሁሉ ባለሀብት ሊባል ይችላል፤ መሪ ለመባል ግን ገንዘብ አይበቃም።

ከጣና ማዶ፣ በፎገራ፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. አውራምባን ሲመሠርቱ ፊደል የቆጠሩ ሰው አልነበሩም። ማኅበሩ በደርግ ዘመን ተሰዶ ኋላ ሲመለስ መሬት ስላነሰው በሽመናና በወፍጮ ኑሮውን አቆመ። ሴት ትሸምናለች፣ ወንድ ይጋግራል፤ ጧሪ ያጣ ሽማግሌም በማኅበሩ ይጦራል። እንዲህ ያለ ሕግ የሚጸናው አውጪው አስቀድሞ ሲገዛበት ነው።

«ደግ ነጋዴ ይከስራል» ትሉኝ ይሆናል። እኔ በዕድሜዬ እንዳየሁት ግን ከሚዛን የሚሰርቅ ጌታ ዛሬ ያተርፋል፤ ሠራተኛው ያን አይቶ ነገ ከጌታው ይሰርቃል። እንግዲህ ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት ሚዛናችሁን አቅኑ።