የቀላል ላፕቶፕ ሸክም

ለሥራ ጉዳይ በየጊዜው የሚበር ሰው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቅንጦት አይባልም። ዛሬ ፍራንክፈርት፣ ከነገ ወዲያ ዱባይ፣ በሳምንቱ አዲስ አበባ የሚያድር ሰው ሦስት መቶ ግራም ማለት ምን እንደሆነ ትከሻው ይነግረዋል።

ኢንዱስትሪውም ለዚህ ትከሻ ብዙ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 «ተንቀሳቃሽ» ይባል እንጂ ወደ 11 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ያውም ባትሪ ሳይኖረው። በ2008 ስቲቭ ጆብስ ማክቡክ ኤርን ከወረቀት ፖስታ ውስጥ አውጥቶ ሲያሳይ ክብደቱ 1.36 ኪሎ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከአንድ ኪሎ በታች የሆኑም አሉ።

ቅለቱ ግን ከየት መጣ? ከፊሉ የብልሃት ውጤት ነው። ከፊሉ ደግሞ የመጣው ነገር በመተው ነው። የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር ሚሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነበር፤ ባትሪውም ባለቤቱ በቀላሉ አውጥቶ እንዲቀይረው ተደርጎ አልተሠራም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ስስ ላፕቶፖች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ለገዢው ይህ ጉዳት ሆኖ አይታየውም፤ በሦስትና በአራት ዓመት ሌላ ይገዛልና።

ነገሩ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። በውጭ በሚኖር ሐበሻ ቤት አሮጌ ላፕቶፕ እንዲሁ አይጣልም። በልብስ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባና አገር ቤት ለታናሽ ወንድም ወይም ዩኒቨርሲቲ ለገባች የአክስት ልጅ ይደርሳል። እዚያ ሁለተኛ ዕድሜውን ይጀምራል። ባትሪው ግን ደክሟል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ሚሞሪው አንሶ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ልጅቷ ወደ ጥገና ቤት ትወስደዋለች። ባለሙያው ከፍቶ ያየዋል፤ ባትሪው በሙጫ የተጣበቀ፣ ሚሞሪው የተበየደ ነው። መልሶ ይዘጋዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሸክም ሲካፈሉት ጌጥ ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ ተረቱ የተገለበጠ ይመስላል፤ ለመጀመሪያው ባለቤት ጌጥ የነበረው ቅለት ለሁለተኛዋ ሸክም ሆኖ ይደርሳታል።

«ስጦታ እኮ ነው፤ ሰጪው ከዓመታት በኋላ ስለሚሆነው በምን ዕዳው ይጠየቃል?» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ፍሬ አለው፤ ባይሰጥም ማንም አይከሰውም ነበር። ነገር ግን በስጦታ ውስጥ ይሉኝታ አለ። በገንዘቡ የገዛ ሰው ዕቃው ሲበላሽበት ሻጩን ያፋጥጣል። በስጦታ የተቀበለች ልጅ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ፣ የማይሠራውን ማሽን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ዝም ትላለች። ስልክ ተደውሎ «እንዴት ነው ላፕቶፑ?» ስትባልም «በጣም ጥሩ ነው» ትላለች። እሷ ልትጠይቅ የማትችለውን ጥያቄ በእሷ ፈንታ አስቀድሞ መጠየቅ የሚችለው ገዢው ብቻ ነው። ኃላፊነቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ማለት መንገደኛው ለሌላ ሰው ሲል ትከሻውን ይጉዳ ማለት አይደለም። ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ የሚሸጠው ባለ 13 ኢንች ላፕቶፕ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሆኖም በአንዲት ካቻቢቴ ይከፈታል፣ ባትሪውም ሚሞሪውም ይቀየራል። ፈረንሳይ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ላፕቶፕ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመች ከአሥር የተሰጠ ነጥብ ለገዢው እንዲታይ አስገድዳለች። የተበየደውን መግዛት ግድ ከሆነም ከ8 ጊጋባይት ይልቅ 16ቱን፣ ኃይል መሙያውም ልዩ ከሚሆን በየሱቁ የሚገኘውን ዩኤስቢ-ሲ መምረጥ ይቻላል።

«ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ገዢው እሱን ከጠየቀ በኋላ ሻጩን አንድ ተጨማሪ ነገር ቢጠይቀው ምንም አይከብደውም፦ «ይኼ ነገር ሲበላሽ ይከፈታል?»