ዘይቱ የት ገባ?

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ሁለት ወንድማማቾች አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከአባታቸው ወረሱ። ቶዮታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 ሲሠራው የኖረው፣ መብራቱ ክብ የሆነው የድሮው ዓይነት ነው። አባት በሕይወት ሳሉ መኪናው የባንጃን ድንችና ቀርከሃ፣ የፋግታን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሲያመላልስ ኖረ። እሳቸው ራሳቸው ግን ከፈረስ በቀር ሌላ ነገር ላይ መታየት የማይወዱ ሰው ነበሩ። በአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል፣ ጥር 23 ቀን፣ ፈረሳቸውን ሸልመው ከተማ ሲገቡ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውል ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ካምቢዮው ማጉረምረም ጀመረ። ቀጥሎ ሦስተኛ ማርሽ ይተፋ ጀመር። ሜዳ ላይ ሲተፋ መልሶ ማስገባት ነው፤ ብዙ አያስጨንቅም። ጭነት ይዞ ወደ ቻግኒ ሲወርድ ግን ሌላ ነው። ማርሹ ሲወጣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፣ ክብደቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይሰንፋል። አንድ ቀን ታላቁ ወንድም ቁልቁለቱ መሀል ማርሹ አልገባ ብሎት መኪናውን ከመንገድ ዳር አፈር ጋር አላትሞ አቆመው። ሰው አልተጎዳም። ድንቹ ግን እስከ ታች ድረስ ተንከባለለ፤ የመንደሩም ልጆች ደስ አላቸው።

«እቤታችን እንፈታዋለን» አለ ታላቁ። «የወፍጮ ቤቱን ሞተር የፈታሁት እኔ አይደለሁም? ጋራዥ የሚጠይቀው ብር የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ነው።»

«ጋሼ፣ ወፍጮ ቢቆም ሰው ሽሮ ሳይበላ ያድራል፤ ካምቢዮ ቢሰበር ግን ሰው ይሞታል» አለ ታናሹ። «ወይ ባሕር ዳር ይግባ፣ ወይ እንዳለ ይሸጥ።»

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። ሁለቱም ያልተናገሩት ግን ነበራቸው። ታላቁ የአባቱን መኪና በገዛ እጁ ቢያስነሳ በመንደሩ ዘንድ የአባቱ ምትክ እሱ መሆኑ ያለ ሙግት ይረጋገጥ ነበር። ታናሹ ደግሞ መኪናውን በቆመበት የሚወስድ ገዥ አግኝቶ በድርሻው ገንዘብ ምን እንደሚሠራበት ቆርጦ ጨርሷል። እንዲህ ያለ ክርክር ስለ ብረት ይምሰል እንጂ ስለ ብረት አይደለም፤ ለዚህም ነው የማያልቀው። ክረምቱ ገባ፣ የእንጅባራ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳያባራ ወረደ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። እነሱ ግን እንደተከራከሩ ነበሩ።

የሰለቻቸው እናታቸው ናቸው። «አባታችሁ ፈረስ ሊገዙ ሄደው አፉን ከፍተው ጥርሱን ሳያዩ ዋጋ ሲናገሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። «እናንተ ግን የታመመው ምኑ እንደሆነ ሳታውቁ በየት ይታከም ትባባላላችሁ።»

ዳንግላ ከመንደሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ከተማ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ወንድማማቾቹ ለመኑዋቸው፤ እሳቸውም በሚኒባስ መጡ። የያዙት አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሳህንና ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ታላቁ ወንድም ይህን አይቶ ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

ሽማግሌው የካምቢዮውን የዘይት መሙያ ቡሎን ፈትተው ጣታቸውን ከተቱ። ጣታቸው ደረቅ ወጣ።

«ዘይት መቼ ጨመርክበት?»

«አባባ፣ የሞተሩን በየሳምንቱ አያለሁ። የካምቢዮውን ግን፣ ከሥር ምንም ስለማያንጠባጥብ...»

«አያንጠባጥብም። ዘይቱ የት ገባ ታዲያ?»

ከካምቢዮው ጀርባ ተያይዞ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍል ሌላ ሳጥን አለ። የእሱን ቡሎን ሲፈቱት ዘይቱ ግንፍል ብሎ እጅጌያቸውን አለበሰው። በሁለቱ መካከል ዘይት የሚያግደው ጎማ (ኦይል ሲል) አልቆ፣ ዘይቱ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ሲሻገር ኖሯል። አንዱ በጥጋብ አንዱ በጥም፤ ከውጭ ለሚያይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። የዚህ ዓይነት መኪና የታወቀ አመል ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ቡሎን ሳይፈትሽ ስለ ካምቢዮው አንድ ቃል አይናገርም።

ታናሹ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ዘይት ሞልተን እንሸጠዋለን!»

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ከካምቢዮው ሥር የቀረችውን ጥቂት ዘይት በሳህን ተቀብለው ጨርቁ ላይ አፈሰሱ። ጨርቁ ላይ ወርቅማ ብናኝ ታየ፤ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነት ከሚያስተካክሉት የነሐስ ቀለበቶች የተፋቀ ነው፣ ከዕድሜ ጋር የሚጠበቅ። ከብናኙ መሀል ግን ጥፍር የምታህል የብረት ስባሪ ነበረች። እንዲህ ያለ ስባሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኩሽኔታ ወይም ከማርሽ ጥርስ ነው። መከፈቱ የግድ ሆነ።

«ቤታችን ልክፈተው፣ አባባ?» አለ ታላቁ።

«እሱን እኔ አላውቅም። የእኔ ጋራዥ ጥግ የዚሁ ዓይነት ካምቢዮ አለ፣ የሞተ ነው። መጥተህ ፍታው፣ መልሰህ ግጠመው። ወንድምህ አጠገብህ ይቀመጥ፤ አይርዳህ።»

ታላቁ እጀ ብልህ ነበር። የፈታውን ሁሉ በጆንያ ላይ በተራ ደረደረ፤ ቀለበቱን ከቀለበቱ እንዳይቀላቅል በሽቦ አሰረ። ኩሽኔታውን በመዶሻ ሊያወጣ ቃጥቶ ተወና ማውጫ ጠየቀ። ሽማግሌው ይህን አይተው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ። ከዚያ የማርሽ ዘንጎቹን ሲስብ አንዲት ሽምብራ የምታክል የብረት ኳስ ሞላዋ ገፍቷት ተፈናጥራ ጠፋች። ማርሽ ከገባ በኋላ ዘንጉን በቦታው የምትይዘው እሷው ናት፤ እሷ ከሌለች፣ ወይም ሞላዋ ከደከመ፣ ማርሽ ይተፋል።

ኳሷ ተንከባልላ ታናሹ እግር ሥር ቆመች። አጎነበሰ፤ ጫማውን የሚያስር መስሎ ኪሱ ከተታት። ገዥው እስከ ቅዳሜ ነበር ቀነ ገደብ የሰጠው።

ታላቁ ጋራዡን በመጥረጊያ ጠረገ፣ ዘይት የሞላ በርሜል ገፋ፣ በባትሪ ከየጥጉ ፈለገ። መሸ። ሽማግሌው ተነሡ፦ «በል ልጄ፣ ክዳኑን ዝጋና እንሂድ። ያለ እሷም ይገጠማል። ይህ ካምቢዮ እንደሆነ የትም አይሄድ፤ ማን ሊያየው?»

«አልዘጋም።»

«ለምን?»

«እጄ አንዴ ጎደሎ መዝጋት ከለመደ የእኛንም እንዲሁ ይዘጋዋል። ካላገኘኋት የእኛን ካምቢዮ ለባሕር ዳር መካኒክ እሰጣለሁ። ብሩን እበደራለሁ።»

ይህን ያለው ሰው ለወራት «እኔ ራሴ» ሲል የከረመው ነው። ታናሹ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ኳሷን ጆንያው ላይ፣ ባዶ በቀረው ቦታዋ፣ አስቀመጠ። ማንም አልተናገረም። ታላቁ ብድግ ሲል ሽማግሌው በክንዳቸው መለሱትና ወደ ታናሹ ዞሩ።

«መቼ አገኘሃት?»

«እንደወደቀች።»

«መኪናው ወደ ቻግኒ ሲወርድ ጋቢና የሚቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ታናሹ። ስለ ገዥውም ተናገረ፤ ሳይጠየቅ፣ ዋጋውን ጭምር። ታላቁ ዋጋውን ሲሰማ ከኳሷ በላይ እሱ አናደደው፤ በጣም ርካሽ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ሥራ አካፈሉ። ካምቢዮው እቤት ይወርዳል፣ እቤት ይፈታል፣ ታላቁ ይፈታዋል፤ ግን ዝናቡ እስኪያቆም፣ ጭቃ ያለበት ግቢ ውስጥ ኩሽኔታ አይከፈትም። ፕሬስ የሚፈልገው ዘንግ ወደ ዳንግላ ይመጣል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ የሚገዛው ታናሹ ነው።

«እሱን?» አለ ታላቁ።

«እሱን። ዕቃ መሰወር የሚችል ሰው ዕቃ ሲሰወርበት ያውቃል። ተወልውሎ እንደ አዲስ የሚሸጥ አሮጌ ኩሽኔታ አለ፤ አንተን ያታልሉሃል፣ እሱን አያታልሉትም።» ወደ ታናሹም ዞረው፦ «ዘይቱን ስትገዛ ጂኤል 4 የሚል አንብበህ ግዛ። ጂኤል 5 ለዲፈረንሻል ጥሩ ነው፤ እዚህ ውስጥ ግን ነሐሱን ሊበላው ይችላል። ሻጩ አንድ ነው ቢልህ እሺ ብለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።»

ታናሹ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥሮ አመጣ፤ ሁለት ኩሽኔታም መልሶ አስቀይሯል። ታላቁ ሳይቸኩል ሠራ፤ ኅዳር ላይ ካምቢዮው ተሰቀለ። ዘይት ተሞላ፣ ሁለቱም ቡሎን ተፈተሸ፣ መኪናው ተነሣ። ሦስተኛ ማርሽ ገባ፤ ያለ ጭነት ወደ ቻግኒ ወርደው ሲመለሱ አንዴም አልተፋም።

ግቢ ሲገቡ የኋላ ማርሽ አልገባ አለ። ታላቁ ሞከረ፣ ደገመ፣ ሞተሩን አጠፋ። እናታቸው ከደጃፍ ሆነው ሲያዩ፣ ታናሹ ማንም ሳይጠይቀው ከጋቢና ወርዶ ሁለት ኪሶቹን ገልብጦ አሳየ።

ታላቁ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አስራ አራት ቁልፉን አቀብለኝ» አለው፣ መኪናው ሥር እየገባ።