ከደባርቂ እስከ መቅደላ፦ የሴባስቶፖል ትምህርት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ

በ1840 ዓ.ም የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጦራቸውን አስከትለው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ቆላ ወረዱ። ሱዳንን ይገዛ የነበረው የግብፅ ጦር በቁጥር ቢያንስም ደባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ ጠበቃቸው። የካሳ ሠራዊት በጀግንነት ገሠገሠ፤ ጥቂት መድፍና በትእዛዝ የሚተኩስ የሠለጠነ ጠመንጃ ያዥ ግን መለሰው። በዚያ ዘመን ሽንፈት የማያውቁት ካሳ ብዙ ሰው አጥተው ተመለሱ።

ደባርቂ ላይ ያሸነፈው የመድፉ ግዝፈት አልነበረም። መድፉ በቦታው መገኘቱ፣ ተኳሹም ሥራውን ማወቁ ነው። ካሳ ይህን ተረድተው ወታደራቸውን ሥርዓት ለማስያዝ ደክመዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ልባቸውን ይበልጥ የወሰደው መድፉ ሆነ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የአገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። የመጨረሻው ትልቁ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር። በአገር እጅ፣ በአገር ምድር እንዲህ ያለ ነገር መሠራቱ ዛሬም የሚያኮራ ነው።

ችግሩ የመጣው ከጋፋት ሲነሳ ነው። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሡ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። አብዛኛው አገር ሸፍቶባቸው ነበር፤ ከሁሉ ነገር በላይ የሚያስፈልጋቸው ፍጥነት ነበር። ሴባስቶፖል ግን በመቶዎች በሚቆጠር ሰው ትከሻና ገመድ እየተጎተተ የሚሄድ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ አስጠረጉ፤ ዋድላን አልፈው የጅጣን ገደል፣ ደላንታን አልፈው የበሽሎን ገደል ቁልቁልና ሽቅብ አስቆረጡ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚያው ጊዜ ንጉሡን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ ተነስቶ ወደ ደቡብ ይገሠግሥ ነበር። ከባዱን መድፍ ከሕንድ በመጡ ዝሆኖች ጫነ፤ የተራራ መድፎቹ ግን ተፈታተው በበቅሎ የሚጫኑ ትናንሾች ነበሩ። ጅጣና በሽሎ ሲደርስ ለሴባስቶፖል የተጠረገውን መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘው። ከባዱ መድፍ የባለቤቱን ጊዜ በልቶ ለጠላት መንገድ አቀና ማለት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን ከመቅደላ ሥር እሮጌ ላይ ከፊት የተኮሱት በበቅሎ የመጡት መድፎችና ሮኬቶች ነበሩ። ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት ሳይለውጥ ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል።

ይህን ታሪክ ዛሬ የማነሳው ብዙ ቤተሰብ ተመሳሳይ ምርጫ ስለገጠመው ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ዓይኑ ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ባለ ሰባት መቀመጫውን ግዙፍና ምቹውን ልግዛ፣ ወይስ ትንሹን፣ ቀላሉንና ፈጣኑን? አብዛኛው ሰው ዓይኑ ቀድሞ ትልቁ ላይ ያርፋል። የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል ይባላል፤ መኪናውን ከገዙ በኋላ መንገዱን ማሰብም እንደዚያው ነው።

ጥያቄውን በጎንደርና በመተማ መንገድ እንፈትነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አልፎ 700 ሜትር አካባቢ ወዳለችው መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። ከመተማ ሲመለሱ 2.3 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን 1,400 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 1.7 ቶን የሚመዝነው 6.5 ይበቃዋል። ይህ ርቀቱ፣ ነፋሱና የሞተሩ ብክነት ሳይቆጠር ነው። ቁልቁል ሲወርዱ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ሆኖም ጎንደር ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ የሞላ ሰው የሚመለሰውን ጉልበት የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ ፍሬኑም ብቻውን ይደክማል። ስለዚህ ጥቂት አጉድሎ መነሳት ይሻላል።

ሙቀቱም አለ። የመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። ሰፊ የመኪና ውስጥ ለማቀዝቀዝ ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ፀሐይ ላይ ተሞልቶ የሚቆም ባትሪም ዕድሜው ያጥራል። በክረምት ከአስፋልት የወጣ ሰው ደግሞ የዋልካው ጭቃ ይጠብቀዋል፤ እዚያ ከባድ መኪና ይሰምጣል፣ ሆዱ መሬት የሚነካ ፈጣን መኪናም አይወጣም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ስድስትና ሰባት ሰው ዘወትር የሚያሳፍር ቤተሰብ ትልቁን ቢገዛ ልክ ነው፤ ሥራው ያንን ይጠይቃልና። ብቻውን ወይም ሦስት አራት ሆኖ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሰው ግን ቀላሉ ይበልጣል፤ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ከሆነ። በሰከንዶች ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ መድረሱ ግን ለማንም የግዢ ምክንያት አይሁን፤ በዚሁ መንገድ በጭልጋ ጠመዝማዛ ላይ ማንንም አይጠቅምምና። የተረፈውን ገንዘብ ለቤት ቻርጀር፣ ለጥሩ ጎማና የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያውቅ መካኒክ ያውሉት።

ወገኔ፣ ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ዳገቱን ይቁጠሩ፤ ቻርጅ የሚያደርጉበትን ይለዩ፤ ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው ይጠይቁ። መኪናውን ከዚያ በኋላ ይምረጡ።