ሆድ ይፍጀው ስለ ማለት

ባገራችን ሰው ተበድሎ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ያለ እንደ ሆነ ጨዋ ይባላል፤ የተናገረ እንደ ሆነ ግን ሆደ ባሻ ነው ይባላል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ፥ ትዕግሥት የምግባር ሁሉ ራስ ናት ሲባል እየሰማሁ ኖሬአለሁ፤ ዛሬም ትዕግሥትን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን ሆድ ፈጀው የተባለው ነገር በእውነት አልቆ ይጠፋልን? ይህን ጥያቄ አጥብቄ እንዳስበው ያደረገኝ፥ በአሜሪካ የሚኖሩ ኮሪያውያን በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን ያገኛቸው መከራ ነው።

ኮሪያውያን «ኋብዮንግ» የሚሉት ሕመም አላቸው። «ኋ» ማለት እሳት፥ «ብዮንግ» ማለት በሽታ ነው። በደል ደርሶበት ቍጣውን ለብዙ ዘመን አፍኖ የኖረ ሰው፥ ደረቱ ሲከብደው፥ ፊቱ ሲግል፥ ትንፋሽ ሲያጥረውና እንቅልፍ ሲነሣው ይህን ስም ይሰጡታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 ባሳተመው የሕመሞች መዝገብ ውስጥ ጠቅሶታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። እኛ እሳቱን ሆድ ውስጥ አስቀምጠን ነገሩን በዚያው ተውነው፤ እነርሱ ግን ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ተከትለው አዩ። እኛ ይሉኝታ ለምንለው የሚቀርብ «ቼምዮን» የሚሉት ነገርም አላቸው፤ በሰው ፊት ክብርን ለመጠበቅ ሲባል ውርደትን መሸሸግ ነው።

በ2020 መጀመሪያ በሽታው ከቻይና ተነሥቶ ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፥ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ «የቻይና ቫይረስ» እያሉ በአደባባይ ጠሩት። በመንገድ የሚሳደብ ሰው ደግሞ ኮሪያዊውን ከቻይናዊው አይለይም። የ1965ቱ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ ወዲህ ገብተው፥ በላውንደሪና በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ልጆቻቸውን አስተምረው ያረጁ ሰዎች «ወደ አገርህ ሂድ» ተባሉ፤ ተተፋባቸው። ከነዚህም ብዙዎቹ የቀድሞው እሳት ገና አልበረደላቸውም ነበር። በ1992 በሎስ አንጀለስ ሁከት ከ2,000 የሚበልጡ የኮሪያውያን ሱቆች ተዘርፈዋል፥ ተቃጥለዋልም፤ ያንን ቀን እስከ ዛሬ «ሳ ኢ ጉ» ይሉታል፤ አራት፥ ሁለት፥ ዘጠኝ፤ ሁከቱ የተጀመረበት ወርና ቀን መሆኑ ነው። አዲሱ ስድብ ያረፈው በዚህ ቍስል ላይ ነው። ይባስ ብሎ፥ እሑድ እሑድ ተሰብስበው በገዛ ቋንቋቸው ጭንቃቸውን የሚያወጡበት ቤተ ክርስቲያን በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጋባቸው።

ቀድሞ ያስተማርኋት፥ ዛሬ በአትላንታ አጠገብ የምትኖር ሴት ስለ አንዲት ኮሪያዊት ባልቴት ጎረቤቷ ጽፋልኛለች። እኒህ ሴት የላውንደሪ ቤት አላቸው። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ጧት በመስኮታቸው ላይ «እኛ ኮሪያውያን ነን» የሚል ወረቀት ለጠፉ፤ ማታውን መልሰው ቀደዱት። ለምን ብላ ብትጠይቃቸው፥ «ከማዶ ያለው ምግብ ቤት የቻይናዊ ነው፤ ይህን ሲያነብ ምን ይለኛል?» አሏት። እኔ ይህን ነገር ከብዙ ስብከት አስበልጬ እወደዋለሁ። «እርሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ማለት ድንጋዩን ወደ ጎረቤት ማሻገር መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ዐወቁ። ነገር ግን ወረቀቱን ከቀደዱ በኋላ ስለ ስድቡ ለማንም አልተናገሩም፤ ልጃቸው ሲደውል «ሁሉ ደኅና ነው» ይሉት ነበር፤ ሌሊቱን ግን ቁጭ ብለው ያነጉ ነበር።

በማርች 16 ቀን 2021 በዚያችው በአትላንታና በአካባቢዋ አንድ ወጣት በሦስት የመታሻ ቤቶች ስምንት ሰዎችን በጥይት ገደለ። ስድስቱ ከእስያ ወገን የሆኑ ሴቶች ነበሩ፤ ከነዚህም አራቱ የኮሪያ ተወላጆች ናቸው። ወጣቱ የዘር ጥላቻ አይደለም ቢልም፥ ሐዘኑ በየቤቱ ታፍኖ የቆየውን ፍርሃት አወጣው። በማግሥቱ አንድ የፖሊስ ቃል አቀባይ ገዳዩ ክፉ ቀን ገጥሞት እንደ ነበር ተናገረ። እንግዲህ ለገዳዩ ስሜት እንኳ ተናጋሪ ተገኘ! በሜይ ወር እንዲህ ያለው የጥላቻ ወንጀል ፈጥኖ እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ ሕግ ግን የሚመረምረው የተነገረውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለውም ለዚህ ነው።

ትዕግሥተኛ ሲባል ኢዮብ ይጠቀሳል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ኢዮብ ዝምተኛ አለመሆኑን ያውቃል፤ ያለቅሳል፥ ይሟገታል፥ የተወለደባትን ቀን እንኳ ይረግማል። ወዳጆቹም ሰባት ቀን ዝም ብለው ከጎኑ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ጥፋታቸው እርሱ መናገር ሲጀምር ሊያርሙት መነሣታቸው ነው። እንደኔ አስተያየት፥ ትዕግሥት በደልን በበደል አለመመለስ ነው እንጂ በደልን አለመናገር አይደለም። ደግሞም ለተሰደበው ሰው ትዕግሥትን አዘውትሮ የሚሰብከው ያልተሰደበው ነው። «ኮሪያውያን ትጉሃን ናቸው፥ አያጉረመርሙም» የሚለው የአሜሪካኖች ምስጋናም ከልጓም አይለይም፤ የተመሰገነው ሰው ምስጋናውን እንዳያጣ አፉን ይይዛል።

ይህን የምጽፈው የሩቅ አገር ሰው ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። በማርች 2020 የመጀመሪያው ሕመምተኛ፥ አንድ ጃፓናዊ፥ በአዲስ አበባ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን፥ የውጭ አገር ሰዎች በመንገድ ይሰደቡ፥ ድንጋይም ይወረወርባቸው ነበር፤ የአሜሪካ ኤምባሲም ዜጎቹን እስከ ማስጠንቀቅ ደርሷል። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተራሮች ላይ ሲዋጉ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀው ቀርተዋል፤ ኮሪያውያንም ይህን ውለታ አልረሱም። «ኮሮና!» እያለ ከኋላ የሚጮኸው ልጅ ግን ኮሪያዊውን ከጃፓናዊው የሚለይበት ምንም አልነበረውም። ከእነዚያም እንግዶች መካከል ስንቱ ማታ ወደ ማደሪያው ገብቶ፥ በስልክ ለቤተ ሰቡ «ዛሬም ደኅና ዋልሁ» እንዳለ የቈጠረ የለም።