«ትናንት የት የት ሄዱ?»

አደባባይ ላይ ቆሞ መኪና የሚቆጥር ሰው ስንት እንዳለፈ ያውቃል፤ ማን፣ ከየት ተነሥቶ፣ ለምን ጉዳይ እንዳለፈ ግን አያውቅም። ይህን ለማወቅ ደጅ ማንኳኳት ግድ ነው። አሜሪካኖች በ1944 እ.ኤ.አ. ለቤት ለቤት የጉዞ ጥናት መመሪያ አወጡ፤ በ1950ዎቹም የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያው ዳግላስ ካሮል መጀመሪያ ዲትሮይት፣ ቀጥሎ ቺካጎ ላይ ሰፊ የጉዞ ጥናት መራ።

የዚያ ዘመን መጠይቆች በዋናነት የመዘገቡት በተሽከርካሪ የተደረገን ጉዞ ነው፤ በእግር የተኬደው አብዛኛው ከቅጹ ውጪ ቀረ። ያ ልማድ እንዳለ አዲስ አበባ ቢገባ፣ ከጉዞው ግማሽ ያህሉ በእግር የሆነባት ከተማ ግማሽዋ ከሰነዱ ይጠፋል።

ከሰሚት ሜክሲኮ እየተመላለሰች የምትሠራ እናትን እንውሰድ። ልጇን በእግር ትምህርት ቤት አድርሳ ታክሲ ትሰለፋለች። መገናኛ ወርዳ እንደገና ትሰለፋለች፤ ወያላው መንገዱን ቆራርጦ ስለሚጭን ስታዲየም ላይም ትወርዳለች። ጠያቂው «ከቤት ወደ ሥራ፣ በታክሲ» ብሎ በአንድ መስመር ከዘጋው ልጁም፣ ሰልፉም፣ ሦስት ጊዜ የተከፈለው ሂሳብም የሉም። በየምዕራፉ ከጻፈው ግን መከራዋ የመንገድ ጥበት ብቻ አለመሆኑ ይታያል፤ ከማሳለጫ ይልቅ ቀጥታ አውቶቡስ ይሻላት ይሆናል።

ማን ይመልሳል የሚለውም ቀላል አይደለም። አባወራው ስለ ቤት ሠራተኛዋ ሲጠየቅ «ኧረ እሷ የትም አትሄድ» ይላል። የምትመላለስባቸው ወፍጮ ቤቱም ጉሊቱም እንዲሁ ከቅጹ ውጪ ይቀራሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ያልተሄደው ጉዞ ነው። የሐኪም ቀጠሮ ኖሯቸው ታክሲ አጥተው የተመለሱ አሮጊት፣ ትናንት የት እንደሄዱ ቢጠየቁ መልሳቸው «የትም» ነው። ዕቅድ አውጪው ባዶውን ቅጽ «ፍላጎት የለም» ብሎ ያነበዋል። አውቶቡስ ስለሌለ ሰው አይወጣም፤ ሰው አይወጣም ተብሎ አውቶቡስ አይመደብም። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ የገባ ቤተሰብ ላይ ይህ ስሕተት ይብሳል፤ የተወው ዘመድ ጥየቃ፣ የራቀው ዕድር በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ስለዚህ «ሊሄዱ አስበው የቀሩበትስ?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር እመርጣለሁ። የቀረ ጉዞ የመነሻ ሰዓት ስለሌለው ለስሌት አይመችም፤ አውቶቡስ በሚደለደልበት ጠረጴዛ ላይ ግን ቢያንስ የዚያን ሰፈር ዜሮ ለመጠራጠር ይበቃል።