አንድ ምስክር ብቻ ስላለው ሕመም

በኦሪት ሕግ ማንም ሰው በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድበት ተሠርቷል። ሥርዐቱም መልካም ነው፤ ሐሰተኛ ሰው ባልንጀራውን በከንቱ እንዳያጠፋ ይጠብቃልና። ነገር ግን በዓለም ላይ ከአንድ ምስክር በቀር ሌላ ሊቆምለት የማይችል ነገር አለ፤ ይኸውም ሕመም ነው። ቍስል ለሁሉ ይታያል፤ ሥቃዩን ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለተኛ ምስክር ሊገኝለት ለማይችል ነገር ሁለተኛ ምስክር አምጣ ማለት ፍርድ ነውን? ወይስ ፍርድን መከልከል ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ብዙ ጊዜ በዝምታ ስለሚታለፍ ነገር ነው። ከሴቶች ወገን ብዙዎቹ በልማደ አንስት፥ ማለት በወር አበባ ጊዜ፥ ጥቂት ቍርጠት ያገኛቸዋል፤ ወዲያውም ያልፋል። አንዳንዶቹን ግን ከእንብርት በታች የሚነሣው ሕመም ወገብንና ጭንን ይዞ በአልጋ ላይ ይጥላቸዋል፤ ተማሪዪቱን ከትምህርት ቤት፥ ሠራተኛዪቱን ከሥራዋ ያስቀራታል። በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ከጎፋ እስከ ለቡ፥ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፥ እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት መንደር አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህች ሴት ነገርዋን ለማን ትንገር? ለእናትዋ ብትነግር «እኛም እንዲሁ ሆነን አሳልፈነዋል» ትላታለች። ለጎረቤት ብትነግር «ስታገቢና ስትወልጂ ይተውሻል» ይሏታል። ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ማስታገሻ ተቀብላ ትመለሳለች። ገንዘብ አጠራቅማ በአልትራሳውንድ ብትታይ «ምንም የለብሽም» የሚል መልስ ይሰጣት ይሆናል። ያን ጊዜ ሕመምዋ ሳያንስ ሐሰተኛ መባል ይጨመርባታል፤ እርስዋም ራስዋን መጠራጠር ትጀምራለች።

የሕክምና ዕውቀት ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያስረዳል። የተለመደው ቍርጠት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ማሕፀንን ሲያኮማትረው የሚሰማ ነው፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለው ማስታገሻም ብዙዎችን የሚረዳው ይህን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ነው። በማስታገሻ የማይበርደው፥ ከዓመት ወደ ዓመት የሚብሰው ሕመም ግን ሌላ ሥር ሊኖረው ይችላል፤ የማሕፀን ዕጢ፥ ወይም በማሕፀንና በአካባቢው የገባ ኢንፌክሽን፥ ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ደዌ። ይህ ደዌ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ፥ አንዳንድ ጊዜም አንጀትንና ፊኛን ይዞ፥ የሚያቈስልና የሚያጣብቅ ነው። ጆን ሳምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የወር አበባ ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሆድ ውስጥ በመፍሰሱ ይመጣል ብሎ በ1927 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ ምክንያቱ ግን እስከ ዛሬ ፈጽሞ ተለይቶ አልታወቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶው 10 ያህሉ፥ በዓለም ሁሉ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፥ ይህ ደዌ አለባቸው። ስሙ እስኪታወቅ ድረስም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። አልትራሳውንድ ትልቁን ዕጢ ያሳያል፤ ጥቃቅኑ ቍስል ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ «አልታየም» ማለትና «የለም» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ናቸው። ቀድሞ ሐኪሞች ሆድን በጥቂቱ ቀደው በላፓሮስኮፒ ሳያዩ ደዌው አለ ለማለት አይደፍሩም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሊቃውንት ማኅበር ባወጣው መመሪያ፥ ምልክቱ ከተገኘ ቀዶ ጥገና ሳይጠበቅ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል ተጻፈ። በዚህም የሕመምተኛዪቱ ቃል ራሱ ከምስክር ተቈጠረ። ለደዌው መድኃኒት እንዲሆንሽ አርግዢ ብሎ መምከርም እንደማይገባ በዚሁ መመሪያ ተነግሯል።

የንፋስ ስልክ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። የሰፈራቸው ስም፥ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን መልእክት አባቶቻችን የጠሩበት ስም ነው። መልእክቱ የመጣበትን መንገድ ዓይን አላየም፤ ሰሚው ግን ከሩቅ የሚናገር ሰው መኖሩን አልካደም።

ምናልባት ሰው «ትዕግሥት ምግባር አይደለምን? ሔዋንስ በጭንቅ እንድትወልድ ተፈርዶባት የለምን?» ይል ይሆናል። በዚያ ቦታ የተነገረው ስለ መውለድ ነው እንጂ ስለ ልማደ አንስት አይደለም፤ አዳምም በወዙ እንዲበላ ተፈርዶበት ሳለ ማረሻ መሥራትን ኃጢአት ያለው የለም። ትዕግሥትም የሚመሰገነው ታጋሹ ራሱ በፈቃዱ የያዘው እንደ ሆነ ነው። እኔ ሳልታመም የታመመውን ታገሥ ብለው፥ ትዕግሥቱ የእርሱ ነው፤ የእኔ ድርሻ ጭካኔ ብቻ ይሆናል።

በአገራችንም የዚህ ምሳሌ አለ። በወሊድ ጊዜ በሚደርሰው ፊስቱላ ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸው ሴቶች ከሰው ተለይተው በኀፍረት ይኖሩ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው እነዚያን ሴቶች ሰሟቸው፤ እንደ እርግማን ይታይ የነበረውም ነገር በመርፌና በክር የሚዘጋ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ።

በወንጌልም 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ገንዘብዋን ሁሉ ለሐኪሞች ጨርሳ ነበር። ጌታችን ከዳነች በኋላ እንኳ በዝምታ አላሰናበታትም። ቆሞ ጠየቀ፤ እርስዋም የሆነውን ሁሉ በሕዝብ ፊት ተናገረች፤ እርሱም ሰምቶ፥ በሕግ ርኵስ ተብላ የራቀችውን ልጄ ብሎ ጠራት።

እንግዲህ አባቶች ካህናት ሆይ፥ የንስሐ ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ስትነግራችሁ ጸበሉንና ሐኪሙን አታጣሉባት። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ አስተምሯል፤ ሉቃስም ሐኪም ነበር። አባትና ባል የሆናችሁም፥ ሕመሙ የሚነሣበትን ቀን፥ ብርታቱን፥ የወሰደችውንም መድኃኒት በደብተር እንድትጽፍ እርዷት፤ ያ ደብተር በሐኪም ፊት ሁለተኛ ምስክር ይሆንላታል። ሽንትና ሰገራ ሲወጣ የሚያማት እንደ ሆነ፥ ወይም መፅነስ የተቸገረች እንደ ሆነ፥ ሳታፍር እንድትናገር አበረታቷት። ጤና ጣቢያውም ወደ ሆስፒታል፥ ወደ ማሕፀን ሐኪም እንዲልካት አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁላት።

ሕመምተኛን ማመን ምርመራን መተው አይደለም፤ ምርመራው የሚጀመርበት በር ነው። ሕመምተኛዪቱ የደዌዋን ስም ላታውቅ ትችላለች፤ ታምሜአለሁ ስትል ግን በዚህ ነገር ከእርስዋ የበለጠ አዋቂ የለም። ከእነዚያ 12 ዓመታት አንዱን እንኳ ያሳጠረላት ሰው በሽተኛን እንደ ጠየቀ ይቈጠርለታል።